ቤቲ ሮቢንሰን፦ ጉልበቷ የማይታጠፍ ሯጭ ሁለተኛውን ወርቅ እንዴት አገኘች?

አመድ መም (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

የሴቶች 100 ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ ሲገባ ወርቁን የወሰደችው አሜሪካዊቷ ቤቲ ሮቢንሰን ናት፤ አምስተርዳም፣ ጁላይ 31 ቀን 1928 (እዚህ የምጽፋቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው በ1931 እግሯን ወደ ሰበረው የአውሮፕላን አደጋ ይዞራል። አደጋውን ያልሰማ የለም። በቅጡ ሲብራራ የማይታየው የአነሳሷ ጉዳይ ነው። በ1928 እንደ ማንኛውም የአጭር ርቀት ሯጭ መነሻው ላይ ተንበርክካ ተነሳች። በ1936 በርሊን ላይ ግን አንዱ ጉልበቷ እንደ ልብ ስለማይታጠፍ መንበርከክ አትችልም ነበር። እዚያም ወርቅ አገኘች፤ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን መምና በዚያ ዘመን ደንብ የመነሻ አቀማመጥ ምን ያህል ይወስን ነበር? ቅብብሉስ በትክክል ምኑን አቀለለላት? «ጽናት»፣ «ተአምር» የሚሉት መልሶች ለሌላ ክር ይቆዩልን።

ሰዓት ያዥ

ከአምስተርዳሙ ልጀምር፤ ያ ውድድር ከፍጥነት በላይ የመነሻ ውድድር ነበርና።

ሮቢንሰን የተወለደችው ኢሊኖይ ግዛት ሪቨርዴል ውስጥ ኦገስት 23 ቀን 1911 ነው። ወርቁን ስትወስድ 17 ዓመት ሊሞላት 23 ቀን ቀርቷት ነበር፤ እስከ ዛሬም ከእሷ በዕድሜ ያነሰች የ100 ሜትር ኦሊምፒክ ሻምፒዮን የለችም። ቻርልስ ፕራይስ የሚባል የባዮሎጂ መምህሯ ባቡር ለመያዝ ስትሮጥ አይቷት በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሰዓት ያዘላት። የመጀመሪያ ውድድሯ ማርች 1928 በአዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የወቅቱን ፈጣን ሯጭ ሄለን ፊልኪን ተከትላ ሁለተኛ ወጣች። ጁን 2 ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ ላይ 100 ሜትርን በ12.0 ገባች፤ ነፋስ ከኋላ ስለነበረ ሪከርድ ሆኖ አልተያዘላትም። ጁላይ 4 ኒውአርክ በተደረገው የአሜሪካ ምርጫ ከኤልታ ካርትራይት ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ቡድኑ ውስጥ ገባች።

«ወርቅ ያገኘችው በአራተኛ ውድድሯ ነው» የሚባለው የሚቆጠረው በመድረክ ነው። አምስተርዳም ላይ ብቻ ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ሦስት ጊዜ ሮጣለች፤ ይህን እየዘለሉ «በሕይወቷ አራተኛ ጊዜ ስትሮጥ» ብለው የሚጽፉ ገጾች ሞልተዋል።

ፍጻሜው ላይ ስድስት ሴቶች ተሰለፉ፤ ሦስት ካናዳውያን፣ ሁለት ጀርመናውያን፣ አንድ አሜሪካዊት። የዚያን ጊዜው ደንብ አንድ ሯጭ ራሷ ሁለት ጊዜ ከተኩሱ በፊት ከተነሳች ትባረራለች የሚል ነው። ካናዳዊቷ ሚርትል ኩክ በወሩ መጀመሪያ ሃሊፋክስ ላይ 12.0 የሮጠች፣ ብዙዎች ታሸንፋለች ያሏት ናት፤ ሁለት ጊዜ ቀድማ ተነስታ ወጣች። ጀርመናዊቷ ሌኒ ሽሚትም እንዲሁ። ስድስት ሆነው ቀርበው አራት ሮጡ። ሮቢንሰን 12.2፣ ካናዳውያኑ ፋኒ ሮዘንፌልድና ኤቴል ስሚዝ ሁለቱም 12.3፣ ኤርና ሽታይንበርግ አራተኛ።

ደጋግሞ መነሳትና መመለስ ሯጭን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየጊዜው «በቦታችሁ» ሲባል ጡንቻ ይወጠራል፣ ሲመለሱ ይበርዳል፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተችው ደግሞ ሦስተኛው ላይ ፈርታ ትዘገያለች። ሮቢንሰን አንድም ጊዜ ቀድማ አልተነሳችም። የ16 ዓመት ልጅ ለዚያ ሁሉ ግርግር ጆሮ አለመስጠቷ ከ12.2ቱ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ማንካ

መሙን ሳያዩ አነሳሱን መረዳት ያስቸግራል። የዚያን ጊዜ መም ከተቃጠለ የድንጋይ ከሰል የሚቀር ጥቁር ፍርፋሪ ተነጥፎ፣ ውሃ ጠጥቶ በሮለር የተዳመጠ ነበር። ስታርቲንግ ብሎክ የሚባለው፣ ሯጭ ሲነሳ እግሩን የሚገፋበት መደገፊያ፣ ኦሊምፒክ ላይ የታየው በ1948 ለንደን ነው፤ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የፈቀደውም በ1937። ስለዚህ በ1928ም ሆነ በ1936 ሯጯ ትንሽ ማንካ ይዛ ትመጣና የእግሯን ጉድጓድ ራሷ ትቆፍራለች።

አቆፋፈሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከመነሻ መስመሩ ወደ ኋላ ተለክቶ የፊት እግር ቦታ ይያዛል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጫማ ተኩል እስከ ሁለት ጫማ ርዝመት። ከዚያ የኋላው። በሁለቱ እግር ጣቶች መካከል ያለው ርቀት ነው አነሳሱን የሚለየው፤ ከ30 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ የተጠጋጋ አነሳስ ይባላል፣ ከ40 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ60 በላይ ረጅም። የተጠጋጋው ቶሎ ከመስመር ያስወጣል እንጂ ግፊቱ አጭር ነው፤ ረጅሙ ብዙ ይገፋል ግን ይዘገያል። መካከለኛው ነው ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ።

ዋናው ጥበብ ያለው የጉድጓዱ ጀርባ ላይ ነው። እግር የሚገፋው የኋላውን ግድግዳ ስለሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለና የጠነከረ መሆን አለበት። የተበላሸ ጉድጓድ ሦስት ዓይነት ነው። ግድግዳው ተዳፋት ከሆነ ስፓይኩ (የጫማው ሹል ብረት) ወደ ላይ ይንሸራተታል። ጉድጓዱ ከጠለቀ እግር ከገፋ በኋላ ጠርዙን ለመሻገር መነሳት አለበት፤ ያ ትርፍ እንቅስቃሴ ነው፣ ጣትም ይመታል። ሦስተኛውና የከፋው መሙ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ግድግዳው በተኩሱ ቅጽበት ይፈረካከሳል፣ ሯጯም ባዶ ገፍታ በግንባሯ ልትደፋ ትችላለች። ለዚህ መድኃኒቱ ከመቆፈር በፊት ቦታውን ማርጠብና ከተቆፈረ በኋላ ጀርባውን በማንካው ጀርባ ደጋግሞ መጠቅጠቅ ነው።

አሁን ወደ ፎልስ ስታርቱ፣ ማለትም ከተኩሱ ቀድሞ ወደ መነሳቱ ልመልሳችሁ። ሯጮች ቀድመው በተነሱ ቁጥር ጉድጓዱ አንድ ጊዜ ይመታል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተመታ ግድግዳ ይላላል። ከአራት መልስ በኋላ ማንም የቆፈረችው ጉድጓድ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ጎንበስ ብሎ መጠገን የግድ ነው።

ገና ጀማሪ

ማንካ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ዘርዝሮ የጻፈ አላየሁም። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ጉልበቷ ካልታጠፈ ለምን ቆማ አትነሳም ነበር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉም ቆሞ ነበር የሚነሳው ይባላል።

ማንካ

መነሳቱን ትነሳለች። ማሸነፍ ነው የማይሆነው።

«ተዘጋጁ» በሚለው ጊዜ በደንብ የተቀመጠ ሯጭ የፊት ጉልበቱ ወደ 90 ዲግሪ፣ የኋላው ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ይታጠፋል። ዳሌ ከትከሻ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክብደቱ እጁ ላይ ያዘነብላል። ተኩሱ ሲሰማ ሁለቱም ጉልበቶች ተዘርግተው ሰውነትን ወደ ፊት ይወነጭፋሉ። ቆሞ የሚነሳ ሰው ግን ደረቱ ገና ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ፊት ከሚሆን ይልቅ ወደ ላይ ይሆናል፤ ዘንበል ለማለት ከሞከረም እጁ መሬት ስላልያዘ ሚዛኑ ይስታል፣ እንደገና ያለጊዜው መነሳት ይሆንበታል። ሜዳሊያው በ0.1 ሰከንድ በሚለይበት 100 ሜትር ውስጥ ይህ ሊካካስ አይችልም።

«በቦታችሁ» የሚለውም አለ። የኋላ ጉልበት መሬት ነክቶ ነው የሚቀመጡት፤ እዚያ ላይ ጉልበት ከ«ተዘጋጁ» ይልቅ እጅግ ይታጠፋል። ብረት ገብቶበት የዳነ እግር መጀመሪያ እምቢ የሚለው እዚያ ነው።

የዱላው ነገር

ወደ በርሊን ልውሰዳችሁ። ኦገስት 9 ቀን 1936። የአሜሪካ ቡድን አሰላለፍ፦ ሃሪየት ብላንድ፣ አኔት ሮጀርስ፣ ቤቲ ሮቢንሰን፣ ሄለን ስቲቨንስ። ሮቢንሰን ሦስተኛ ናት።

በ4 በ100 ተንበርክካ የምትነሳው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛዎቹ ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ የዚያን ጊዜ እንዲያውም ሁሉም እንደዚያ ነበር። አራተኛው ቦታ የስቲቨንስ ነው፤ በዚያው ሳምንት 100 ሜትርን በ11.5 ያሸነፈች፣ ቁመቷ 1.83 ሜትር የሆነች ሴት ከመጨረሻው ቦታ ማን ያነሳታል? የመጀመሪያው ለሮቢንሰን የተዘጋ ነው። የቀሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

ሦስተኛው ሁለተኛውን ጥምዝ የሚሮጥ ነው፤ መቀበልም መስጠትም አለበት፤ ዱላው የሚቀባበልበት ክልል ደግሞ ያኔ 20 ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ 30 ሜትር ነው፤ በመሃል ባሉት ዓመታት ከክልሉ በፊት 10 ሜትር መንደርደሪያ ይሰጥ ነበር። በ1936 መንደርደሪያ የለም። ተቀባይዋ ክልሉ ውስጥ ቆማ፣ ክልሉ ውስጥ ተነስታ፣ ክልሉ ውስጥ መቀበል አለባት። 20 ሜትር ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነት ላይ ካለች ሴት ጋር መግጠም ማለት ነው።

ይህ የሚሠራው መሙ ላይ በሚጫር ምልክት ነው። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይ። ተቀባይዋ ከቆመችበት 15 ሜትር ለመድረስ 2.7 ሰከንድ ቢፈጅባትና ሰጪዋ በሰከንድ 8.5 ሜትር ብትመጣ፣ በዚያው ጊዜ ሰጪዋ 23 ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ልዩነቱ 8 ሜትር ነው። የሁለቱ እጅ ሲዘረጋ የሚገኘው 1 ሜትር ይቀነሳል። ምልክቱ ተቀባይዋ ከቆመችበት 7 ሜትር ወደ ኋላ ይጫራል፤ 26 ሴንቲሜትር በሆነ ጫማ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ 27 ጫማ። ሰጪዋ ጭረቱን ስትረግጥ ተቀባይዋ ትነሳለች፣ ቀድማ አይደለም።

አሁን ልብ በሉ፤ አነሳሷ የዘገየ ተቀባይ ምልክቱን ወደ ኋላ ማራቅ ትችላለች። 15 ሜትሩ 2.7 ሳይሆን 2.9 ሰከንድ ቢፈጅባት ምልክቱ 8.7 ሜትር ገደማ ይሆናል እንጂ ቡድኑ አይጎዳም፤ ዱላው በሙሉ ፍጥነት እስከመጣ ድረስ። ተንበርክኮ መነሳት ላይ የሚጠፋው 0.2 ሰከንድ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም። የክሩ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ቅብብል የመነሻ ድክመትን በጭረት ያስተካክላል።

ነገር ፈላጊ

ሁሉም መልካም፤ ግን ጀርመኖቹ ዱላ ባይጥሉ ኖሮ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር። ማጣሪያው ላይ 46.4 ሮጠው የዓለም ሪከርድ ሰብረዋል። አሜሪካ በፍጻሜው 46.9። ሒሳቡ ያው ነው።

የዱላው ነገር

ጀርመኖቹ የተሻሉ ነበሩ፣ አልክድም። ማሪ ዶሊንገር ለመጨረሻዋ ለኢልዜ ዶርፌልት ልትሰጥ ስትደርስ በብዙ ሜትር ቀድመው ነበር። ዱላው ወደቀ። አሜሪካ 46.9፣ ብሪታንያ 47.6፣ ካናዳ 47.8።

ግን አንድ ነገር አስተውል፤ ዶሊንገር ሦስተኛ ሯጭ ናት፤ ልክ እንደ ሮቢንሰን። ዱላው የወደቀበት ሦስተኛው ቅብብል ሮቢንሰን ለስቲቨንስ ያቀበለችበት ያው ቅብብል ነው። አንዷ ጣለች፣ ሌላዋ አደረሰች። ዱላ ማድረስ የውድድሩ አካል ነው፤ ቀድሞ መነሳት አምስተርዳም ላይ የውድድሩ አካል እንደነበረው ሁሉ። ኩክን በማባረር ያሸነፈች አሜሪካ የለችም፤ ጀርመንንም ማንም አልገፋ።

በነገራችን ላይ አምስተርዳም ላይ ራሱ ቅብብሉ ሮቢንሰንን አሸንፏታል። ካናዳ በ48.4 ወርቁን ስትወስድ የመጨረሻዋ ሯጭ ያቺው የተባረረችው ሚርትል ኩክ ናት፤ የአሜሪካ የመጨረሻዋ ሮቢንሰን። ብር አገኘች።

ሰዓት ያዥ

ስለ ሰዓቶቹ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ እዚህ 12.2ን ከዛሬው የዓለም ሪከርድ 10.49 ጋር ቀጥታ የሚያወዳድር ሰው መምጣቱ አይቀርምና።

ሰዓቱ በእጅ ነው የተያዘው። ሦስት ሰዓት ያዦች መጨረሻው ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ያ ይጸድቃል፣ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው። የሚጫኑት የሽጉጡን ጭስ ወይም ብልጭታ አይተው መሆን አለበት። ድምፁን ጠብቆ የተጫነ ሰዓት ያዥ የሯጯን ሰዓት 0.3 ሰከንድ ገደማ ያሳጥርላታል፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመምጣት የሚፈጅበት ያን ያህል ነውና። ጭስ አይተውም ቢሆን ጣት ሲዘገይ መነሻው ላይ ጊዜ ይጠፋል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሯጯ ስትመጣ እያዩ ስለሚጠብቁ አይዘገዩም። ለዚህ ነው የእጅ ሰዓትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር 100 ሜትር ላይ 0.24 የሚጨመረው። 12.2 ማለት በዛሬ አያያዝ 12.4 አካባቢ ነው። መሙን፣ ጉድጓዱንና የቆዳ ጫማውን ለማካካስ ግን የተስማማንበት ቁጥር የለም፤ የሚሰጥ ሰው ካለ አትመኑት።

የ0.1 ልዩነቱም ይታሰብበት። በዚያ ፍጥነት 0.1 ሰከንድ 82 ሴንቲሜትር ነው፤ ነገር ግን በአንድ አሥረኛ የሚቆጥር ሰዓት ለ20 ሴንቲሜትር ልዩነትም 0.1 ሊያሳይ ይችላል። ሮዘንፌልድ አሸንፋለች የሚለው የካናዳውያን ቅሬታ ከዚህ ነው የመጣው። ውሳኔው የዳኞቹ ዓይን እንጂ የሰዓቱ አልነበረም።

መዝገብ ቤት

ሁለት እርማት።

አንደኛ፣ ሮቢንሰንን «በአትሌቲክስ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት» የሚሉ አሉ። በዚያው ጁላይ 31 ፖላንዳዊቷ ሃሊና ኮኖፓትስካ ዲስከስ 39.62 ሜትር ወርውራ አሸንፋለች። «በሩጫ የመጀመሪያዋ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሴቶች ያኔ የገቡት በልመና አልነበረም። ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁማ በ1922 ፓሪስ ላይ፣ በ1926 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ የራሳቸውን ጨዋታ አካሂደዋል። ኦሊምፒኩ በሩን የከፈተው ያ ተፎካካሪ ሲገፋው ነው፤ ያውም ለአምስት ውድድር ብቻ፦ 100፣ 800፣ 4 በ100፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ። የብሪታንያ ሴቶች «አምስት አነሰ» ብለው አምስተርዳም ሳይሄዱ ቀሩ።

ከአምስቱም 800 ወዲያው ተሰረዘ። ጋዜጦች ግማሹ ሯጭ እየወደቀ ሜዳው ላይ ተዘረረ ብለው ጻፉ፤ የሮጡት 11 ሴቶች ናቸው ያለም ነበር። ፍጻሜው ላይ የሮጡት ዘጠኝ ናቸው! ዘጠኙም ጨርሰዋል፤ ሊና ራድከ በ2:16.8 የዓለም ሪከርድ ሰብራ። ጃፓናዊቷ ሂቶሚ ኪኑኤ ከ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ወድቃ እዚህ ብር ወሰደች፤ ሮዘንፌልድ አምስተኛ። ሰባተኛዋ ደግሞ ማሪ ዶሊንገር ናት፤ ስምንት ዓመት ቆይታ ዱላ የወደቀበት ቅብብል ላይ የምናገኛት።

ያ ውሸት 800ን እስከ 1960 ከሴቶች ኦሊምፒክ አስወጣው። ከ800 በላይ ያሉት ደግሞ ከዚያም ዘገዩ፤ ማራቶን 1984፣ 10,000 ሜትር 1988፣ 5,000 ሜትር 1996። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና የወሰደችው ወርቅ ሴቶች 10,000 ሜትርን በኦሊምፒክ ሲሮጡ ሁለተኛው ጊዜ ብቻ እንደነበር ብዙ የእኛ ሰው ልብ አይለውም።

ገና ጀማሪ

ስለ አደጋው ግን ማንም አልጻፈም። «ሞታለች ብለው በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ጭነው ወደ አስከሬን አዘጋጅ ወሰዷት» የሚለው እውነት ነው?

አመድ መም

ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፤ ከተነሳ ግን የጸናውን ብቻ ላስቀምጥ። ጁን 28 ቀን 1931 ከአጎቷ ልጅ ጋር የተሳፈረችበት ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ። ራሷን ስታ ተገኘች። ክንዷና እግሯ ተሰብሯል፤ እግሯ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። ከተሽከርካሪ ወንበር ለመውጣት ስድስት ወር፣ እንደ ሰው ለመራመድ ሁለት ዓመት ያህል ወስዶባታል። የ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አመለጣት፤ 100 ሜትሩን ስቴላ ዋልሽ በ11.9 አሸነፈች። የመኪናው ዕቃ መጫኛና የአስከሬን አዘጋጁ ታሪክ ሲነገር የኖረ ነው፤ ሲነገርም እያደገ የመጣ። እኔ ለአነሳሱ ጥያቄ የሚያስፈልገኝ ብረቱና ያልታጠፈው ጉልበት ስለሆነ እዚያ ላይ እቆማለሁ።

የዱላው ነገር፣ አንተ ዘንድ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ምልክቱን ማራቅ ይቻላል ካልን ለምን ሁለተኛ አላሰለፏትም? ቀጥተኛው መንገድ አይቀላትም ነበር?

የዱላው ነገር

የአሰልጣኞቹን ልብ ማወቅ አይቻልም፤ የጥምዙን ጸባይ ግን መናገር ይቻላል። የሁለተኛዋ ሯጭ ቅብብል ሁለቱም ቀጥታ መንገዱ ዳርና ዳር ነው፤ ዱላውን ይዛ የምትሮጠውም ከሁሉ ረጅሙን ነው፤ ቀድማ ተቀብላ ዘግይታ እንድትሰጥ ስለሚደረግ። ስለዚህ ሁለተኛ ቦታ ላይ ሙሉ ፍጥነት ያላት ትቀመጣለች፤ ሮጀርስ ያኔ በበርሊን 100 ሜትር ፍጻሜ የሮጠች ናት። ሦስተኛዋ ላይ የሚፈለገው ዱላ የማትጥል፣ መስመሯን ሳትለቅ ጥምዙን ጠጋ ብላ የምትሮጥ፣ ስቲቨንስን የመሰለች ረጅም ተቀባይ ስትነሳ የማትደነግጥ ሴት ነው። ልምድ ያላት እሷ ነበረች፤ ከአራቱ መካከል ከዚያ በፊት ኦሊምፒክ ቅብብል ላይ ሜዳሊያ የወሰደችው ሮጀርስን ካልቆጠርን ሮቢንሰን ናት፤ ሮጀርስም የ1932ቱን የቅብብል ወርቅ ይዛ ነው የመጣችው። ልምድ ያላቸው ሁለቱ መሃል፣ አዲሶቹ ዳር።

ማንካ

የመጀመሪያዋ ብላንድ ግን በርሊን ላይም ጉድጓዷን በማንካ ነው የቆፈረችው። ብሎኩ እስኪፈቀድ ገና አንድ ዓመት ቀርቶታል።